የመንዝ በግ ወንጂ ላይ ለሱፍ ያዋጣል?

ጥያቄው የመጣው ወንጂ አጠገብ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። ሹራብና ኮፍያ እየሠሩ አዳማ ገበያ ያቀርባሉ። ደብረ ብርሃን ዘመድ ጥየቃ ሄደው የበግ እርባታ ጎበኙ። በጎቹ ሲሸለቱ አይተው ልባቸው እዚያው ቀረ። «ስድስት የመንዝ በጎች ገዝቼ ግቢዬ ባረባ፣ ሱፉንም ራሴ ፈትዬ ብሠራበት ያዋጣኛል?» ይላሉ።

እናታችን፣ ሐሳብዎ ደስ ይላል። ግን በጎቹን አያምጧቸው፤ ሱፉን ያምጡ።

የመንዝ በግ የደጋ በግ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወንጂ ደግሞ ከ1,600 ሜትር በታች ነው። በጉ ለውርጭ የተሠራውን ፀጉር ለብሶ የአዳማን ፀሐይ ሲችል አስቡት። ጥላ ሥር ቆሞ ያለከልካል፣ መኖ ይተዋል፣ ይከሳል። የከሳ በግ ፀጉሩም ይሳሳል፣ ይበጣጠሳል። ጨጎጊቱም አለ። አንዴ ፀጉሩ ውስጥ ከገባ ለቅሞ መጨረስ አይቻልም፤ የቀረችውም ፍሬ ክር ሲፈትሉ ጣት ትወጋለች።

ምርቱም ትንሽ ነው። ሜሪኖ የሚባለው የውጭ ዝርያ በዓመት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ያልታጠበ ሱፍ ይሰጣል። የመንዝ በግ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው የሚሰጠው፣ እሱም ሻካራ ነው። የመንዝ ገበሬ በጉን የሚያረባው በዋናነት ለሥጋና ለሽያጭ ነው፤ ሱፉ ምራቂ ነው። ስድስት በጎች ዓመቱን ሙሉ ቀልበው የሚያገኙት ሱፍ የመኖውን ዋጋ አይመልስም።

በግ ማርባቱን የግድ ከፈለጉት የአርሲ ባሌ በግ ይሻልዎታል። ለፈትል የሚሆን ፀጉር የለውም፤ ለሥጋ ግን ጥሩ ነው፣ ከአካባቢው ገበያም ይገኛል። ለመኖ የሚሆነው የሸንኮራ አገዳ ጫፍ እንደሆነ ደጅዎ ላይ ነው። አዲስ የገዙትን በግ ለሦስት ሳምንት ለብቻው ያቆዩት፤ ክትባቱንም ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ይጨርሱ።

አሁን ወደ ሱፉ እንምጣ። ለመግዛት ሲሄዱ በጉ ከመሸለቱ በፊት ቢደርሱ ጥሩ ነው። በትከሻው በኩል ፀጉሩን በሁለት እጅዎ ከፈል አድርገው እስከ ቆዳው ይዩት። ምርጡ ሱፍ የትከሻና የጎን ነው። የሆዱና የኋላው በሽንትና በበጠጥ የተበላሸ ስለሆነ ለብቻው ይውጣ። ከዚያ አንዲት ጭብጥ ፀጉር ጫፍና ጫፏን ይዘው ጆሮዎ አጠገብ ደጋግመው ሳብ ሳብ ያድርጓት። ጠንካራ ድምፅ ከሰጠች ጤነኛ ናት። መሀሏ ላይ ከተሰነጣጠቀች በጉ ያን ጊዜ ታሞ ወይም ተርቦ ነበር፤ ያ ሱፍ ክር ሆኖም ይበጠሳል። የመንዝ ሱፍ ውስጥ ረጃጅም ደረቅ ፀጉር ከለስላሳው ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ደረቁን በእጅ እየነቀሉ ይለዩት። ለስላሳው ለሹራብ ይሆናል፤ ሌላው ለባና (ለሱፍ ብርድ ልብስ) እና ለምንጣፍ ነው።

ዋጋ ሲነጋገሩ አንድ ነገር አይርሱ፦ ያልታጠበ ሱፍ ላቡ፣ ቅባቱና አፈሩ አብሮ ይመዘናል። ሲታጠብ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል።

አጠባው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳሙና ያሟሙና ሱፉን ቀስ ብለው ይጫኑት። ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት። አይሹት፣ አይጨምቁት። የሱፍ ክር ላዩ በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና ባለበት ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ሱፉ ተጋግሮ ይቀራል፣ አይፈተልም። ማጠቢያውንም ማለቅለቂያውንም ውሃ በአንድ ዓይነት ሙቀት ይጠቀሙ። ውሃው እስኪጠራ ደጋግመው፣ ጥላ ውስጥ መረብ ላይ ያስጡት።

ይህን ግን አደራ እላለሁ። ከሞተ በግ የተላጨ ሱፍ በነፃ ቢሰጥዎ እንኳ አይቀበሉ። የአባ ሰንጋ ተህዋስ በፀጉርና በቆዳ ላይ ለዓመታት ይቆያል፣ በሳሙናም አይጠፋም። ሱፍ ሲነደፍ በአቧራው ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሰው ይገድላል። ከሚያውቁትና ጤነኛ በግ ካለው ሰው ብቻ ይግዙ። ሲነድፉም አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ደጅ ይሥሩ።

ቤትዎ በግ ወይም ፍየል ካለ፣ ወደ እርባታው ሲመለሱ ጫማዎን ከመግባትዎ በፊትም ከወጡ በኋላም ይጠቡ። ከመሄድዎ በፊት ይደውሉና የሚሸለቱበትን ቀን ይጠይቁ። ለመውለድ የተቃረቡ በጎችንና በዝናብ የረጠቡትን አይሸልቷቸውም። ነጩን፣ ጥቁሩንና ቡናማውን ለየብቻ እንዲያስቀምጡልዎም ይንገሯቸው። ጥቁሩ ቀለም ሳይነከር በተፈጥሮው ስለሚያምር ለኮፍያ ከእሱ ይጀምሩ።