በካንሰር ሕክምና ቆዳችሁ ለደረቀባችሁ፦ ጠይቁኝ

ደሴ ውስጥ የካንሰር ታካሚዎችን የማስታምም ነርስ ነኝ። ሰው ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ሲጀምር ለፀጉር መርገፍና ለማቅለሽለሽ ይዘጋጃል፤ ስለ ቆዳው ግን የሚነግረው የለም። ከዚያ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ዙር እጁ ቅርፊት መስሎ ይመጣና «ሲስተር፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ይለኛል። ዛሬ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ያላችሁን ጥያቄ አምጡ፣ የማውቀውን ሁሉ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከሸዋበር ነኝ። ኬሞው ለካንሰሩ ነው፣ ቆዳዬን ምን አደረገው?

መልስ፦ ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሕዋስ ሲያገኝ ይመታል። ካንሰሩ እንደዚያ ነው፣ የቆዳችን የላይኛው ሽፋንም እንደዚያው። ሽፋኑ በወጉ ካልታደሰ ውሃ መያዝ ያቅተዋል፣ ወዙም ይቀንሳል። በዚያ ላይ የደሴ ብርድ አለ። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ የጤነኛውንም ከንፈር ይሰነጥቃል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ብርዱ ቢቀላችሁም ፀሐዩ አለባችሁ። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርገዋልና ጥላና ነጠላ አይለያችሁ።

ጥያቄ፦ የትኛውን ቅባት ልግዛ? ፋርማሲው ውስጥ ያለው ዋጋ ያስደነግጣል።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ውዱ ቅባት ግዴታ አይደለም። ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ይበቃሻል። ዋናው ነገር መቼ እንደምትቀቢው ነው። ቫዝሊን ለቆዳ ውሃ አይሰጥም፣ ያለውን ውሃ እንዳይተን ይከድነዋል እንጂ። ደረቅ ቆዳ ላይ ከቀባሽው የምትከድኚው ድርቀቱን ነው። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ አትቆዪ፣ በፎጣ መታ መታ አድርጊ እንጂ አትሺው፣ ከዚያ ገና እርጥብ እያለ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቀቢው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት «ቫዝሊን ይቀቡ» ብዬ ብቻ ሸኘኋቸው። በወሩ ተረከዛቸው ተሰንጥቆ፣ እየደማ መጡ። ስጠይቃቸው ለካ በቀን አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በደረቅ እግራቸው ነው የሚቀቡት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ አላስረዳኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳላስረዳ አልሸኝም።

ሎሽን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል። ክሬም ወፈር ይላል፣ ለቀን ጥሩ ነው። ቫዝሊን ለሌሊት። ግሊሰሪን ከገዛሽ ደግሞ ብቻውን አትቀቢው፣ በንጹሕ ውሃ አቅጥነሽ ተጠቀሚበት። ሽቶ ያለበትን ሁሉ ተዪው፣ የሕፃናት የሚባለውንም ጭምር፤ ብዙዎቹ ሽታ አላቸው። መላ ሰውነትሽን በቀን ሁለቴ ከተቀባሽ 250 ግራም እቃ በሳምንት ሊያልቅብሽ ይችላል፤ ርካሹን የምመክረውም ለዚህ ነው። ውዱን የገዛ ሰው ይቆጥባል፣ የሚቆጠብ ቅባት ደግሞ አይሠራም።

ጥያቄ፦ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ አደርጋለሁ። እጄም እግሬም ተሰነጣጠቀ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ስጠብቀው ነበር፣ የወሎ ሰው ጥያቄ ነው። ውሃው ብቻውን ያደርቃል፣ እውነት ነው። ግን አምስት ጊዜ መታጠብ ማለት አምስት ጊዜ እርጥብ ቆዳ ላይ መቀባት ማለትም ነው። ውሃውን ለብ አድርገው። ጨርሰህ እንዳደራረቅህ ክሬም ተቀባ። ቀን ቀን ቶሎ የሚሰርገውን ክሬም ተጠቀም፣ ቫዝሊኑን ከዒሻ በኋላ በወፍራሙ ተቀብተህ የጥጥ ካልሲ አድርገህ ተኛ፤ ለሱብሒ ስትነሳ ታጥበህ ታስለቅቀዋለህ። ስንጥቁ ደምቶ ውሃ የሚያባብሰው ከሆነ ኢማምህን አማክር፣ ለታመመ ሰው ማቅለያ አለ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለጋ ቅቤ ካልቀባሁሽ ብላ አስጨነቀችኝ።

መልስ፦ የእናት ነገር! ቅቤ ያለሰልሳል፣ አልክድም። ግን የገበያ ቅቤ ጥሬ ነው፣ ስንት እጅ ነክቶት እንደመጣ አይታወቅም። ኬሞ ከወሰድሽ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስሽ ዝቅ ይላል። የተሰነጠቀ ቆዳ ለጀርም የተከፈተ በር ነው። ስለዚህ ቅቤው ይቆይ። ቫዝሊኑን ግን በገዛ እጇ ትቀባሽ፣ እጇን ታጥባ። እሷም ደስ ይላታል፣ ጀርባሽንም ትደርስልሻለች።

ጥያቄ፦ የጥቁር አዝሙድ ዘይትስ? እሬትስ?

መልስ፦ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ ያስቆጣል፤ ሕክምና ላይ እያላችሁ ባትሞክሩት እመርጣለሁ። የምትጠጡትም ካላችሁ ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ። ከጓሮ የተቆረጠ እሬት የሚያቃጥል ቢጫ ፈሳሽ አለው፣ በስንጥቅ ላይ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ካፔሲታቢን የሚባል የኬሞ ኪኒን እውጣለሁ። መዳፌና የእግሬ ሥር ቀላ፣ እሳት የነካው ይመስል ያቃጥለኛል።

መልስ፦ ይሄ ተራ ድርቀት አይደለም፤ ኪኒኑ መዳፍና የእግር ሥር ላይ የሚያመጣው የታወቀ ጉዳት ነው። 10 ፐርሰንት ዩሪያ (ቆዳ የሚያለሰልስ ነገር) ያለበት ክሬም ካገኘህ ጠዋትና ማታ ተቀባ፤ የተላጠ ወይ የቆሰለ ቦታ ላይ ግን አታድርገው። ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ንከረው፣ በረዶ ግን አታስነካው። ጠባብ ጫማ ተው። ተረከዝህን በድንጋይ አትፈትግ። ዕቃ አጠባና በረኪና ለጊዜው ለሌላ ሰው ይተው። ከሁሉም በላይ ለሐኪምህ ንገረው። «ሕክምናዬን ያቋርጡብኛል» ብሎ የሚደብቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሐኪሙ ጥቂት ቀን ሊያሳርፍህ ወይም መጠኑን ሊቀንስልህ ይችላል፣ ይህ ደግሞ የሕክምናው አንዱ አካል ነው። ውሃ ከቋጠረ ወይ ብርጭቆ መያዝ ካቃተህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሂድ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ ለጡት ጨረር አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ቅባት ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ያዢ። ግን ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት በመጀመሪያው ቀን ለባለሙያዎቹ አሳዪያቸው፤ መቼ እንደምትቀቢ እነሱ ይወስኑ። ወደ ጨረሩ ስትገቢ በቆዳሽ ላይ ወፍራም ቅባት መኖር የለበትም። የሳሉብሽን ምልክት ፈትገሽ እንዳታጠፊ። ጡት ማስያዣ ካስቆጣሽ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ልበሺ። ቆዳው ከተላጠና እርጥበት ካወጣ ግን በራስሽ ምንም አትቀቢ፣ አሳዪያቸው።

ጥያቄ፦ ብርዱ አላስቻለኝም፣ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ ነው የምውለው።

መልስ፦ አባባ፣ ሁለት ነገር ያሰጋኛል። አንዳንዱ ኬሞ እግር ያደነዝዛልና እሳቱ ሲያቃጥልዎ ላይታወቅዎ ይችላል። ሁለተኛው፣ ቫዝሊን የጠጣ ልብስ እሳት ከነካው ከሌላው ልብስ ቶሎ ይያያዛል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ጋቢዎን ደርበው ከእሳቱ ራቅ ይበሉ፣ ለሻማና ለጧፍም ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ የትኛው ምልክት ነው የሚያስሮጠው?

መልስ፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ሌሊትም ቢሆን። መግል። በሰዓታት ውስጥ የሚስፋፋ ሽፍታ፣ በተለይ አፍ ወይ ዓይን አብሮ ከቆሰለ። እነዚህን ቅባት አይፈታቸውም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የልጅ ልጆቼን በዚህ እጄ ባቅፋቸው ይተላለፍባቸው ይሆን? ሁለት ወር ሆነኝ ሳልነካቸው።

መልስ፦ አይተላለፍም እማማ። ድርቀቱም አይተላለፍም፣ ካንሰሩም አይተላለፍም። ጉንፋን የያዘው ካለ እስኪሻለው ይቆይ፣ እሱም ለእርስዎ ሲባል ነው። የቫዝሊን ዕቃዎ ውስጥ ጣታቸውን እንዳይከቱ ብቻ ይንገሯቸው፤ እርስዎም በንጹሕ ማንኪያ እያወጡ ይቀቡ። ዛሬ ማታ ይቀፏቸው። ቫዝሊኑ ልብሳቸውን ቢነካ ይታጠባል።