መልስ፦ «ሩዲ» እና «ኢንቪንሲብል» ለምን ተመሳሰሉብኝ ላልከው

አልተሳሳትክም። ሁለቱም የአሜሪካን ፉትቦል ፊልሞች ናቸው፤ ከእውነተኛ ታሪክ ተነስተው ዋናውን ሰው ከነበረው በላይ ምስኪን ያደርጉታል። በ2006ቱ «ኢንቪንሲብል» ቪንስ ፓፓሌ ከመጠጥ ቤት ወጥቶ በቀጥታ የፊላደልፊያው ቡድን ኢግልስ የገባ ይመስላል፤ ሰውዬው ግን ቀደም ሲል በሌላ የፕሮፌሽናል ቡድን፣ በፊላደልፊያ ቤል፣ ሁለት ዓመት ተጫውቷል። መጨረሻ ላይ ኳሷን አፍሶ ሮጦ ያስቆጠራት ነጥብም የፊልም ናት። በእውነቱ ጨዋታ የተጋጣሚው ተቀባይ በእጁ ያላስገባት ኳስ ስለነበረች፣ ይዞ መሮጥን ሕጉ አይፈቅድም።

«ሩዲ» (1993) ይብሳል። የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች «በእኔ ቦታ ሩዲ ይሰለፍ» እያሉ ተራ በተራ ማሊያቸውን አሰልጣኝ ዳን ዲቫይን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡበት፣ ሰው ሁሉ እንባውን የሚጠርግበት ትዕይንት ፈጠራ ነው። አሰልጣኙ ያለ ጥፋቱ ክፉ ሆነ! ሩዲ በ1975 ከጆርጂያ ቴክ ጋር በተደረገው ጨዋታ የተጋጣሚውን ኳስ አቀባይ (ኳርተርባክ) መጣሉና በትከሻ ተሸክመውት መውጣታቸው ግን የተፈጸመ ነው።