«በቴክኖሎጂ እንዴት ታስተምሪያለሽ?» ለተባለች የሁለተኛ ክፍል መምህርት

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በቅርቡ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ «ቴክኖሎጂን ከትምህርቱ ጋር እንዴት ታቀናጂያለሽ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። እኔ ያለሁበት ክፍል ያለው ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው፤ ተማሪዎቼም ስልሳ ናቸው። ከአንድ ወር በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት የማሳያ ትምህርት (ገምጋሚዎች ፊት የሚሰጥ የሙከራ ትምህርት) እንዳቀርብ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ላፕቶፕ ልግዛበት ወይስ የኮምፒውተር ሰርተፍኬት ልማርበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ለዚህ ወር ገንዘብሽን አትንኪው። የማሳያ ትምህርትሽን የሚያሳምረው አሁን በእጅሽ ያለው ስልክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ልጆቹ የምታውቂው ነገር ነው።

ጠያቂዎቹ «ቴክኖሎጂ» ሲሉሽ ሐሳብሽ ወደሌለሽ ዕቃ ሄደና አፍሽ ተያዘ። እስቲ ከልጆቹ እንነሳ። ሦስት ዓመት ሁለተኛ ክፍል አስተምረሻል። «ለ»ን እና «ሉ»ን ለይቶ «ሌ» ላይ ሲደርስ የሚቆመውን ልጅ ታውቂዋለሽ። ገጹን በቃሉ ሸምድዶ፣ ጣቱን ከመስመር ወደ መስመር እያሻገረ የሚያነብ የሚመስለውንም ታውቂዋለሽ። ይህ ችግር የአንቺ ክፍል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ለደረጃቸው ከተዘጋጀ አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። ቴክኖሎጂ በአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ቦታ የሚያገኘው እንዲህ ያለውን ችግር ሲያቃልል ነው።

ስለዚህ ከነገ ጀምረሽ ይህን ሞክሪ። ልጆቹ ከዚህ በፊት ያላዩትን፣ አምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር ያለው ታሪክ ራስሽ ጻፊ። በቃል የተያዘው ገጽ እዚህ ላይ አይሠራም። በየቀኑ አምስት ልጆች ተራ በተራ ለአንድ አንድ ደቂቃ ሲያነቡ በስልክሽ ድምፃቸውን ቅጂ፤ ስልሳውን በ12 የትምህርት ቀናት ታዳርሻለሽ። ማታ ቅጂውን እየሰማሽ በታሪኩ ግልባጭ ላይ ልጁ የሳተውን ፊደል ክበቢ፣ የቆመበትንም ቦታ ምልክት አድርጊበት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት ስህተት ያለባቸውን ልጆች በአንድ ቡድን አስቀምጠሽ ለየብቻ አስተምሪያቸው። በወሩ ማብቂያ የመጀመሪያዎቹን ልጆች እንደገና ቅጂና ሁለቱን ቅጂዎች ለራሳቸው አሰሚያቸው። ልጅ የገዛ ንባቡን ሲሰማ አንዳንዱን ስህተቱን ማንም ሳይነግረው ሊያርም ይችላል፤ ይህን ለማየት ብቻ እንኳ ድካሙ ይገባዋል።

እዚህ ውስጥ ስልኩ የሠራውን ሥራ ልብ በይ። በስልሳ ልጆች ጫጫታ መካከል ያመለጠሽን ደግመሽ እንድትሰሚ አስችሎሻል፤ ለልጁም የራሱን ድምፅ መልሶለታል። ጠመኔ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ለቃለ መጠይቅ የሚሆንሽ መልስ ከዚሁ ይወጣል፦ «ተማሪዎቼ ፊደል ለይተው ለማንበብ ይቸገሩ ነበር። ንባባቸውን በስልክ እየቀዳሁ ስህተታቸውን ለየሁ፤ በስህተታቸው ከፋፍዬ አስተማርኳቸው፤ ውጤቱ ይኸውላችሁ።» ከዚያ ስህተቶቹን የከበብሽባቸውን ወረቀቶች፣ የልጆቹን ስም ሸፍነሽ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ሥራውን በተግባራዊ ምርምር መልክ፣ ማለትም የክፍልሽን ችግር፣ የሞከርሽውን መፍትሔና ውጤቱን ጽፈሽ ከያዝሽው ደግሞ ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማኅደርሽ፣ መምህር ሙያውን ለማሳደግ የሠራውን ለሚያስቀምጥበት ፋይል፣ ይሆናል።

አንድ ነገር አደራ። የልጅ ድምፅና ፎቶ የልጁና የወላጆቹ ነው። ከመቅዳትሽ በፊት ለርዕሰ መምህሩና ለወላጆች አስረድተሽ ፈቃድ ውሰጂ፤ ሥራሽን ስትጨርሺ አጥፊው። በቴሌግራም ላይ የሚለጠፉ፣ ሕፃናት ሲሳሳቱ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሲያሳቁ አያለሁ፤ አንድ መምህር እንዲህ ማድረጉን በፍጹም አልቀበልም።

ወደ ማሳያ ትምህርቱ ልምጣ። በ40 ደቂቃ ውስጥ መሣሪያው ከአምስት ወይም ከሰባት ደቂቃ በላይ እንዲይዝብሽ አትፍቀጂ። ታሪኩን በራስሽ ድምፅ ቀድተሽ በትንሽ ድምፅ ማጉያ አሰሚ፤ ነገር ግን ቅጂው ውስጥ ሆን ብለሽ ዝምታ ተዪበት። «አሁን ቶላ የት የሄደ ይመስላችኋል?» ብለሽ ጠይቂና ልጆቹ እስኪመልሱ የሚበቃ ጊዜ ይኑረው። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 በኒካራጓ የተጀመረው የሬዲዮ የሒሳብ ትምህርት የታወቀው በዚህ ነው፦ ሬዲዮኑ ይጠይቃል፣ ዝም ይላል፣ ልጆቹ ጮክ ብለው ይመልሳሉ፣ ከዚያ ይቀጥላል። በርካሽ ዕቃ የተሠራ ቢሆንም ልጁ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ ታስቦ ስለተዘጋጀ በሌሎች በርካታ አገሮችም ተሠርቶበታል።

ከዚህ ጋር የእኛን ፕላዝማ አስተያዪው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ያ ትልቅ ቴሌቪዥን ትምህርቱን በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ያስተላልፍ ነበር። ተማሪው ባይገባው ማቆም አይቻልም፤ መምህሩ መግቢያና መደምደሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መብራት ከጠፋ ያ ክፍለ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። በዚያ ዘመን የተማሩ ታላላቆችሽን ጠይቂያቸው። በፔሩም ለሕፃናት ላፕቶፕ በብዛት ታድሎ፣ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ዕቃው ደርሶ ነበር፤ መምህሩ በየትኛው ትምህርት፣ ለየትኛው ችግር እንደሚጠቀምበት ግን በቂ ዝግጅት አልተደረገም።

መገምገሚያ ቅጽ የያዙ ሰዎች ፊት ስትቆሚ መሣሪያ የማትጠቀሚበትንም ቦታ ለማሳየት አትፍሪ። መደመር በቆርኪ ይማሩ፤ ቆርኪውን በእጃቸው ይዘው ሲያንቀሳቅሱት የሚገባቸውን ነገር ስክሪን አይተካውም። ባቄላም ሲበቅል በቪዲዮ አይታይ፤ በቆርቆሮ ይተከልና በየማለዳው በማስመሪያ ይለካ። ስልኩ ሊረዳ የሚችለው የሁለተኛውን ቀንና የዘጠነኛውን ቀን ፎቶ ጎን ለጎን በማሳየት ነው፤ ያለፈውን ቀን ዓይናችን መልሶ ማየት አይችልምና። ይህን ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር በዕለት ትምህርት ዕቅድሽ ላይ ጻፊው፦ መሣሪያው ምን ይሠራል፣ ባይኖርስ ምን ይቀራል? በዚያው ገጽ ላይ መብራት ቢጠፋ የምታደርጊውንም አስፍሪ። ቅጂው ባይሠራ ታሪኩን ራስሽ እያቆምሽ ታነቢዋለሽ፤ ተለማመጂበት።

ሰርተፍኬቱን አልንቀውም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚለዩት በእሱ ነውና ቆይተሽ ብትማሪው ይጠቅምሻል። ስትመርጪ ግን በአማርኛ መጻፍን፣ ውጤት በኤክሴል መመዝገብንና በፓወርፖይንት ቀለል ያለ ገለጻ ማዘጋጀትን የሚያስተምር ይሁን። የኮምፒውተርን ክፍሎች በማስጠናት ወራት የሚፈጅ ኮርስ ለሁለተኛ ክፍል መምህርት ገንዘብ ማባከን ነው።

በመጨረሻ እነሱ ሲጠይቁሽ አንቺም ጠይቂ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ አለ? ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? መሣሪያውን መቼ እንደምጠቀም የምወስነው እኔ ነኝ ወይስ በየክፍለ ጊዜው ግዴታ ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ «በየክፍለ ጊዜው ግዴታ ነው፤ ወላጆች ያንን ማየት ይፈልጋሉ» ካሉሽ፣ ደመወዙ ቢያጓጓሽም ደግመሽ አስቢበት፤ እኔ ብሆን አልገባም። ላፕቶፑን ደግሞ ተቀጥረሽ ትምህርት ቤቱ ለመምህራን የሚሰጠውን ካየሽ በኋላ ግዢው፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የጋራ ኮምፒውተር ሊኖር ይችላል፤ ለአንድ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ሥራ እሱ ሊበቃ ይችላል።