የርቀት ትምህርት ልትጀምሩ ነው? ምዝገባውን አታስቀድሙ

እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ ይህንን ነው፦ «የምሠራበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በቀጣዩ ዓመት የርቀት ትምህርት ሊጀምር ነው። አንዱ ማዕከል ጎንደር ይሆናል ተብሏል። እኔም ኮሚቴው ውስጥ ገብቻለሁ። ስንት የትምህርት ክፍል እንክፈት? ኦንላይን ይሁን ወይስ በሞጁል? ከየት እንጀምር?»

እኔ እዚሁ ጎንደር የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የርቀት ማዕከል ለዓመታት አስተባብሬያለሁ። ጥያቄውን አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም። ረዘም ይላልና ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መልሴን ላስቀድም። የመጀመሪያው ዓመት ሞጁል፣ ማለትም ተማሪው ቤቱ ሆኖ ራሱን የሚያስተምርበት መጽሐፍ፣ በሙሉ ታትሞ መጋዘን ሳይገባ ምዝገባ አትክፈቱ። አመራሩ መቸኮሉ አይቀርም፤ ገንዘብ የሚገባው በምዝገባ ነዋ። ግን አስቢው። ሰውዬው ከደባርቅ መጥቶ ከፈለ፣ ተመዘገበ፣ ተመለሰ። «ሞጁሉ እየታተመ ነው» ተባለ። ወር ሄደ። የካምፓስ ተማሪ ቢሆን ቢሮ እየመጣ ይጮህ ነበር። የርቀት ተማሪ አይጮኽም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ዝም ብሎ ይቀራል። የቀረበትን ምክንያትም በየመሥሪያ ቤቱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የምታወጡት ማስታወቂያ ዋጋ የለውም።

የትምህርት ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ ዲን «የእኛስ?» ይላል። አንድ ከተጨመረ ሁሉም ይጨመራል፤ ስለዚህ ጠበቅ በሉ። ላብራቶሪ የሚፈልገውን ከነጭራሹ ተዉት። ጎንደር ዙሪያ ፈላጊ ያላቸው አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ የትምህርት አመራር የመሳሰሉት ናቸው። የሚመጣላችሁ ተማሪ ገና 12ኛን የጨረሰ ልጅ አይደለም። የወረዳ ፋይናንስ ሠራተኛ ነው፣ መምህር ነው፣ ፖሊስ ነው፣ የባንክ ሠራተኛ ነው። ዲፕሎማ ወይም ደረጃ 4 ይዞ ለዓመታት ሠርቷል፤ ለእድገት ዲግሪ ጎድሎታል። ልጆች አሉት። የሚያነበው ማታ ነው፣ ያውም መብራት ካለ።

እዚህ ላይ ሰነድ ማጣራትን አደራ። የ10ኛ ወይም የ12ኛ ውጤት፣ ዲፕሎማ፣ የሲኦሲ (የብቃት ምዘና) ወረቀት፣ ሁሉም በመግቢያው ጊዜ ይታይ። «ለጊዜው ይመዝገብ፣ በኋላ ያመጣል» የሚባል ነገር ሊመረቅ ሲል ነው የሚፈነዳው። ያን ጊዜ ተጎጂው እሱም እናንተም ናችሁ።

ወደ ሞጁሉ ልመለስ፤ ዋናው ሥራ እሱ ነው። ብዙ መምህር ሞጁል ጻፍ ሲባል የክፍል ፓወርፖይንቱን ወደ ወርድ ገልብጦ ያስረክባል። አንዴ ለህትመት የተዘጋጀ ረቂቅ ስገልጥ የሁለተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ መስመር «ባለፈው ክፍል ውስጥ እንደተወያየነው» ይላል። የቱ ክፍል? ተማሪው እኮ መምህሩን አይቶት አያውቅም! ለርቀት የሚጻፍ ሞጁል መምህሩ ክፍል ገብቶ በአፉ የሚለውን ሁሉ መያዝ አለበት። ምሳሌው ይብዛ። እንግሊዝኛው ይቅለል፤ አንባቢው ትምህርት ቤት ከወጣ ቆይቷል። በየምዕራፉ ራስን መፈተሻ ጥያቄ ይኑር፣ መልሱም መጨረሻ ላይ ይታተም። መልስ የሌለው ጥያቄ ገንዳ ውኃ ከተማ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ምን ይሠራለታል? የአካውንቲንግ ምሳሌም ከሰሊጥ ነጋዴ ሒሳብ ቢወሰድ እንዴት ደስ ይላል። ስሙ እንኳን የማይታወቅ የውጭ ኩባንያ ሒሳብ ከማባዛት ይሻላል።

ለጸሐፊዎቹ ክፍያ በአንድ ጊዜ አይሰጥ። ረቂቅ ሲገባ የተወሰነ፣ ገምጋሚው ሲያጸድቅ የተወሰነ፣ የቋንቋ አርትዖቱ ሲያልቅ ቀሪው። ይህ በውል ይጻፍ። የባለቤትነት መብቱም የዩኒቨርሲቲው መሆኑ እዚያው ይግባ። አለበለዚያ መምህሩ ያንኑ ሞጁል ለአንድ የግል ኮሌጅ ይሸጥና እናንተ ተከሳሽ መስላችሁ ትቀመጣላችሁ።

ህትመቱ ደግሞ የመንግሥት ግዥ መሆኑን አትርሱ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። መስከረም ላይ የግዥ ጥያቄ ብታቀርቡ ጨረታው፣ ግምገማው፣ ቅሬታው፣ ውሉ እየተባለ ወረቀቱ የሚደርሰው ፈተና ሲቃረብ ነው። በጀቱ እንደጸደቀ ሐምሌ ላይ ይገባ። የርቀት ገቢውም ለርቀት ሥራው እንዲውል አሠራሩ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጽደቅ። ካልሆነ በውስጥ ገቢ ስም ይገባና ለሌላ ጉዳይ ይውላል፤ የማዕከል አስተባባሪውም ክፍያውን ሲለምን ይከርማል።

ኦንላይን ነው ወይስ ህትመት ላልሽው፣ እኔ ህትመት እላለሁ። ክርክር እንደሚነሳ አውቃለሁ። ግን በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት እንደተቋረጠ ሁላችንም ኖረንበታል። ያኔ ትምህርቱን በሙሉ ኔት ላይ የሰቀለ ምን ሊያደርግ ይችላል? ወረቀቱ ዋናው ይሁን። ፒዲኤፉን ማዕከሉ ላይ በፍላሽ ስጡ፤ አብዛኛው ስልኩ ላይ ጭኖ ያነበዋል። ቴሌግራም ቻናል ለማስታወቂያ ጥሩ ነው። ሙድል የሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሥርዓት ግን ይቆይ፤ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ጥቂት ነው።

አሁን ማንም ኮሚቴ የማያነሳውን ላንሳ፦ አሳይንመንት። ተማሪው ይሠራል፣ ማዕከል ያስረክባል። ከዚያስ? ወደ ዋናው ግቢ ይሄዳል፣ ለመምህሩ ይሰጣል፣ ይታረማል፣ ውጤቱ ለሬጅስትራር ይገባል። ወረቀቱ ተማሪው እጅ ሲመለስ ግን አይታይም። በማዳበሪያ ታስሮ ጠረጴዛ ሥር የከረመ አሳይንመንት አይቻለሁ። ላዩ ላይ አቧራ፣ ውስጡ የሰው ሌሊት። ያልታረመ አሳይንመንት ውጤት ከየት እንደሚመጣ አትጠይቂኝ። ስለዚህ፣ ኮርስ የተሰጠው መምህር በስንት ቀን አርሞ እንደሚመልስ ውሉ ላይ ይጻፍ። ካልመለሰ ክፍያ የለም። ማዕከሉም የተረከበውን በመዝገብ ያስፈርም፤ «አስገብቻለሁ»፣ «አላስገባህም» የሚለው ጭቅጭቅ ማብቂያ የለውም።

የፎቶ ኮፒ ቤት ነገርም አለ። ጥያቄው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ከሆነ የተሠራ አሳይንመንት ይሸጣል፤ ስም ብቻ መቀየር ነው። ጥያቄውን ከተማሪው መሥሪያ ቤት ጋር አገናኙት። የቢሮህን የሠራተኛ ቅጥር ሂደት አስረዳ፣ የትምህርት ቤትሽን ዕቅድ ገምግሚ፣ እንዲህ ያለ። ይህም ቢሆን ነጥቡ አነስ ይበል። ዋናው ክብደት ተፈታኙ መታወቂያ አሳይቶ በሚቀመጥበት ፈተና ላይ ይሁን።

ስለ ስም አጻጻፍ ደግሞ ምን ልበልሽ። አንዱ ሰው ምዝገባ ላይ «ወልደገብርኤል»፣ አሳይንመንት ላይ «ወ/ገብርኤል» ይላል፤ በእንግሊዝኛው ደግሞ ሌላ ፊደል። ትራንስክሪፕት ሲወጣ ሦስት ሰው ይሆናል። የምዝገባ ቅጹ ላይ ተማሪው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስሙን ራሱ ጽፎ ይፈርም፤ አጻጻፉ ከቀድሞ የትምህርት ማስረጃው ጋር ይመሳከር። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ሬጅስትራር በር ላይ የሚሰለፈውን ሕዝብ ግማሹን ትቀንሳለች።

ማዕከሉ ቅዳሜና እሁድ ባዶ በሚሆን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢሆን ይመረጣል። ለመናኸሪያ የሚቀርብ ይሁን፤ ከአይከል፣ ከቆላ ድባ፣ ከማክሰኝት የሚመጣው ሰው በዕለቱ መመለስ ይፈልጋል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የመጠባበቂያ ፈተና ቀን ከመጀመሪያው ካላንደሩ ላይ ይኑር። በየጊዜው «በልዩ ሁኔታ» እያላችሁ ደብዳቤ አትጻፉ። ሁልጊዜ የሚነሳ ስልክ፣ የሚያነሳውም ሰው ይመደብ።

ካላንደሩን ስታወጡ የጎንደርን ሰው ጠይቁ። ዋናው ግቢ ያለ ሰው ጥር 10 እና 11 ላይ ቱቶሪያል (መምህሩ ማዕከሉ መጥቶ ተማሪውን በአካል የሚያስረዳበትን ፕሮግራም) ሊያስገባ ይችላል። በጥምቀት ጎንደር ከተማ አልጋ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ከመተማ በኩል የሚመጡት ደግሞ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት አይገኙም። በሥራቸው መምህር የሆኑትን ተማሪዎቻችሁን የምታገኟቸው ትምህርት ቤቶች በሴሚስተር መሀል ሲዘጉና በክረምት ነው። የገጽ ለገጽ ቱቶሪያሉን እዚያ ላይ ጣሉት።

ፈቃዱን በሚመለከት፣ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሳያጸድቀውና ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋር በጽሑፍ ሳትጨርሱ ማስታወቂያ እንዳታወጡ። በ2002 መጨረሻ መንግሥት የርቀት ትምህርትን በአንድ ውሳኔ አግዶ፣ በኋላ በቅድመ ሁኔታ መልሶ እንደፈቀደ የምናስታውስ አለን። ያኔ መሀል መንገድ ላይ የቀረው ተማሪው ነበር።

የመጨረሻው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ የርቀቱንም ጨምሮ፣ ሳይፈተን አይመረቅም። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ስለዚህ ሞጁሉ ገና ሲጻፍ ከመውጫ ፈተናው ይዘት ጋር ይናበብ፤ አራተኛ ዓመት ላይ ማጠናከሪያ እያሉ መሯሯጥ አያዋጣም። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ከተማሪዎቻችሁ መካከል ማውስ ጨብጦ የማያውቅ አለ፤ አፍሮ አይነግራችሁም። ትምህርቱን እያወቀ ሰዓት አልቆበት የሚወጣው እንደዚህ ያለው ሰው ነው። ጎንደር ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ተነጋገሩና ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ቱቶሪያል በመጡ ቁጥር አንድ ከሰዓት ያለማምዷቸው። የኪራዩን ወጪ አሁኑኑ በጀቱ ውስጥ አስገቢው፤ በኋላ «ከየት አምጥተን?» ይሉሻል።