ህዋስ ጎረቤቱን በምን ያውቃል?

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 30 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዘንድሮ ባዮሎጂም ሆነ ጤና ለምትጀምሩ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ስሙን ሸምድዳችሁ ነገሩን ሳታዩ እንዳትመረቁ።

እኔ ያየሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። መንዝ ውስጥ የታቀፈች ዶሯችን በሦስተኛው ቀን አንድ እንቁላል ገፍታ ሰበረች። አስኳሉ ላይ እንደ ድር የቀጠኑ ደም ሥሮች ተዘርግተዋል፤ መሐላቸው የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ትመታለች። የመንዝ ብርድ ሲያገኛት እየዘገየች፣ እየዘገየች ቆመች። እናቴ «ልቡ ነው» አለችኝ። ዶሮዋ ስትታቀፈው ግን ልብ የሚባል ነገር አልነበረውም። ታዲያ ያንን ህዋስ ልብ ሁን ያለው ማነው?

አንዱ ነገር መተዋወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ስፖንጅ የሚሉትን የባሕር እንስሳ በሐር ጨርቅ ጨምቆ ህዋሳቱን በተናቸው። እነሱ ግን እየዳሁ ተፈላልገው እንደገና ስፖንጅ ሆኑ። የእኛ ህዋሳት ገጽ ላይ ካድሄሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ዓይነት አጥብቆ የሚይዘው መሰሉን ነው። ለመያዝ ካልሲየም ይሻሉ፤ ካልሲየሙ ሲወሰድባቸው ይላቀቃሉ። ማታ መንጋው ሲገባ በጓ ከዚያ ሁሉ ግልገል የራሷን የምታውቀው ቀርባ አሽትታ ነው። ካድሄሪንም የሚሠራው ህዋስና ህዋስ ሲነካካ ነው።

ሌላው መልእክት ነው። ሂልደ ማንጎልድ የተባለች ጀርመናዊት ወጣት ኒውት ከሚባል እንሽላሊት መሳይ የውሃ እንስሳ ሽል ቅንጣት ቆርጣ ሌላው ሽል ሆድ በኩል ተከለችው። እዚያው ላይ ሁለተኛ ሽል እንደ መንታ ተጣብቆ በቀለ። ሰጪውና ተቀባዩ ሽል በቀለም ስለሚለያዩ ማን ምን እንደሠራ ይታያል፤ አዲሱ የነርቭ ቱቦ፣ ማለትም በኋላ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው፣ በአብዛኛው የተሠራው ከተቀባዩ ሽል ህዋሳት ነበር። ቆዳ ሊሆኑ የነበሩት ነርቭ ሆኑ! በኋላ እንደታወቀው ቅንጣቱ የሚልካቸው ፕሮቲኖች ሥራቸው ሌላ መልእክት ማፈን ነው፤ «ቆዳ ሁን» የሚለው ሲታፈን ህዋሱ ወደ ነርቭ ያመራል። እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ይኸኛው ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1924 ታተመ፤ በዚያው ዓመት ሂልደ ቤቷ ውስጥ በእሳት አደጋ ሞተች፣ ገና በ25 ዓመቷ። መምህሯ ስፔማን በ1935 ኖቤል ተሸለመ። እሱን ስትጠሩ እሷንም ጥሩ።

መልእክቱ ደግሞ ጊዜ አለው። የሰው ሽል የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከጽንስ በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙዋ እናት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ሊወለድ ይችላል። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከእርግዝና በፊት መጀመር ያለበት ለዚህ ነው። ለእህቶቻችሁ ንገሩ፤ ወንዶቹም ጭምር። ይህን ክፍል ውስጥ ሳልናገር ያለፉኝ ዓመታት ይቆጩኛል።

ቤታችሁ ዶሮ ስትታቀፍ ቀኑን እንቁላሉ ላይ በእርሳስ ጻፉ። በአምስተኛው ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልካችሁን መብራት የእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ላይ አስጠግታችሁ ቀያዮቹን ክሮች እዩ። ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ከሥሯ መልሱት፤ እስከ 21ኛው ቀን ገና ብዙ ሥራ አለው።