ኦክስጅን የሌለው ደም ሰማያዊ ነውን?

ጥያቄ፦ ልጄ በመጽሐፏ ደም መልስ ሥሮች በሰማያዊ ቀለም ተሥለው አይታ፣ «ኦክስጅን የሌለው ደም ሰማያዊ ነው፤ ቀይ የሚሆነው አየር ሲነካው ነው» ትለኛለች። እውነት ነውን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሰው ደም ሰማያዊ የሚሆንበት ጊዜ የለም። በሂሞግሎቢን (ኦክስጅን በሚሸከመው የደም ፕሮቲን) ውስጥ ያለው ብረት ኦክስጅን ሲይዝ ደሙ ደማቅ ቀይ፣ ሲለቅ ደግሞ ጠቆር ያለ ቀይ ይሆናል። እንዲያውም በደም መልስ የሚመለሰው ደም ከኦክስጅን ፈጽሞ ባዶ አይደለም፤ በዕረፍት ላይ ባለ ጤነኛ ሰው ሂሞግሎቢኑ ሦስት አራተኛ ያህል እንደተሞላ ነው። ለምርመራ ከክንድዎ ደም ሲቀዳ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ አየሩ በተመጠጠለት ቱቦ ውስጥ የሚወርደው ደም የውጭ አየር ሳያገኘው ገና ከመጀመሪያው የጠቆረ ቀይ ነው።

ሥሮቹ ሰማያዊ የሚመስሉት በብርሃን ጠባይ ምክንያት ነው። ቀይ ብርሃን ወደ ቆዳ ጠልቆ ስለሚገባ ከፊሉን በደም ሥሩ ውስጥ ያለው ደም ይውጠዋል፤ ሰማያዊው ግን ብዙ ሳይጠልቅ ተበትኖ ይመለሳል፤ በመሆኑም ከሥሩ በላይ ያለው ቆዳ ከአካባቢው ያነሰ ቀይ ብርሃን ስለሚመልስ፣ ዓይናችን ሥሩን ሰማያዊ አድርጎ ያየዋል። የመጽሐፉ ቀለም ደም ቅዳን ከደም መልስ ለመለየት ብቻ የተመረጠ ነው። ሰማያዊ ደም የሚገኘው እንደ ሸርጣን ባሉ፣ ኦክስጅንን በመዳብ በሚሸከሙ እንስሳት ነው፤ የእነርሱም ቢሆን ሰማያዊ የሚሆነው ኦክስጅን ሲይዝ እንጂ ሲያጣ አይደለም።