የዕቃ ትሬለር ወደ ካምፐር ሲቀየር ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ታውንሃውስ ነው። 6 በ12 ጫማ የሆነ ያገለገለ የዕቃ ትሬለር ገዝቻለሁ። በገዛ እጄ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የውሃ ታንክ አስገብቼ ካምፐር (እየተጎተተ የሚሄድ ማደሪያ) ላደርገውና ከልጆቼ ጋር ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ልወጣበት አስቤያለሁ። ፈቃድ ያስፈልገኛል? ልጆቹ በጉዞ ላይ ውስጡ ተኝተው ቢሄዱስ? አልፎ አልፎ ለወዳጆች ባከራየውስ?

መልስ፦ ከልጆቹ ልጀምር። ትሬለሩ ውስጥ ሆነው መሄድ አይችሉም። የሚጎተት ካምፐር ውስጥ ሰው ማሳፈር በቨርጂኒያ በሕግ የተከለከለ ነው። ቀበቶ ብሠራላቸውስ የሚል ሐሳብ ካለዎት ይተዉት። መንገድ ላይ ቦታቸው መኪናው ውስጥ ነው።

ሥራውን በተመለከተ ግን አይስጉ። የፌዴራሉ የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ የተገጠመ የደህንነት ዕቃን ከጥቅም ውጭ ማድረግን የሚከለክለው አምራችን፣ ሻጭን፣ አከራይ ድርጅትንና ጋራዥን ነው። የራሱን ንብረት በእጁ የሚሠራ ባለቤት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ማን ሠራው የሚለው ያን ያህል አያጣላም። የሚያጣላው ስንት ይመዝናል፣ የት ይቆማል፣ ለኢንሹራንሱስ ምን ነገሩት የሚለው ነው።

ክብደቱን እንይ። ትሬለሩ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ሰሌዳ ይፈልጉ። የእርስዎ ዓይነት ባለ አንድ አክስል ትሬለር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 2,990 ፓውንድ የሚል ቁጥር ነው። ይህ ትሬለሩ ከነጭነቱ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ነው። ባዶው 1,200 ፓውንድ ቢሆን፣ የሚቀርዎት 1,790 ነው። ብዙ ይመስላል። ግን ኮምፔንሳቶው፣ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ባትሪው፣ ምድጃው ሲደማመር ቶሎ ያልቃል። 20 ጋሎን ውሃ ብቻውን ከ160 ፓውንድ በላይ ነው። ስፕሪንግ በማጠንከር ይህን ቁጥር ከፍ ማድረግ አይቻልም፤ ፋብሪካው የጻፈው የጻፈው ነው።

የቨርጂኒያ ሕግ (አንቀጽ 46.2-1070) ደግሞ ትክክለኛ ክብደቱ 3,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ትሬለር ከሾፌሩ ወንበር የሚታዘዝ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳል። ፍሬን ካለው ዓመታዊ ኢንስፔክሽንም (የደህንነት ምርመራ) ይመጣል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ፣ ውሃውንም ዕቃውንም ሞልተው ያስመዝኑት። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ትራክ ስለሚነዱ ካት ስኬል የሚባለው የትራክ ሚዛን የት እንዳለ የሚያሳይዎት አያጡም። የሚሰጥዎትን ወረቀት አይጣሉት። አደጋ ቢደርስና ከልክ በላይ ጭነህ ነበር ቢባሉ፣ የሚከላከልልዎት እሱ ነው። የተሽከርካሪ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ዲኤምቪም ሄደው የተሽከርካሪው ዓይነትና ባዶ ክብደት መዝገቡ ላይ እንዲስተካከል ይጠይቁ።

አሁን ኢንሹራንሱ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የሚጎትተው መኪና ሊያቢሊቲ ሽፋን ብዙውን ጊዜ የተቀጠለውን ትሬለር ይከተላል፤ ግን የሚከፍለው በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው። ትሬለሩ ራሱ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ አይከፍልም። በዚያ ላይ ወረቀቱ ላይ ዕቃ መጫኛ ተብሎ ተመዝግቦ ውስጡ ምድጃ ከተገኘ፣ ኩባንያው አልተነገረኝም ብሎ ላለመክፈል ጥሩ ምክንያት ያገኛል። እናም በስልክ አይንገሩ። በኢሜይል ይጻፉ፦ ምን እንደቀየሩ፣ ጋዝ እንዳለው፣ ሰው እንደሚያድርበት። ፎቶ ያያይዙ። በቤት የተሠራ ካምፐር አንቀበልም የሚሉ ኩባንያዎች አሉ፤ ያኔ ሌላ ይፈልጉ እንጂ ዝም ብለው አይቀጥሉ። የእንጨቱንም የባትሪውንም ደረሰኝ ያስቀምጡ። የጉልበትዎን ዋጋ ማሳመን ከባድ ነው፤ የዕቃውን ግን ደረሰኝ ይናገርልዎታል።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር አለ። የትሬለሩን የጎን በር ይመልከቱ። ብዙዎቹ የዕቃ ትሬለሮች የሚዘጉት ከውጭ በሚወረወር የብረት መቀርቀሪያ ነው። አንድ ልጅ እየተጫወተ መቀርቀሪያውን ቢወረውረው፣ ውስጥ ያለ ሰው ይቆለፍበታል። ከውስጥ የሚከፈት መዝጊያ ያስገቡ፤ በሌላ ጎን ደግሞ ሰው የሚወጣበት መስኮት ይኑር። የጭስ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድና የጋዝ ጠቋሚ ሦስቱም ይገጠሙ። ለካምፐር አምራቾች የወጣ ኤንኤፍፒኤ 1192 የሚባል መለኪያ አለ። እርስዎን በቀጥታ ባያስገድድዎትም፣ ሰው ተጎድቶ ክስ ቢመጣ የከሳሽ ጠበቃ ሥራዎን በእሱ መለካቱ አይቀርም። እኔም ከሳሽን ብወክል የማደርገው ይህንኑ ነው።

ስለ ማቆሚያው፣ የኤችኦኤዎን (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ሰነድ ሳያነቡ ሥራ አይጀምሩ። ታውንሃውስ ሰፈሮች ውስጥ ካምፐርም ትሬለርም ማቆም መከልከል የተለመደ ነው። መንገድ ላይ ላቁመው ካሉ ደግሞ፣ ካውንቲው ኮሚዩኒቲ ፓርኪንግ ዲስትሪክት ብሎ በከለላቸው ሰፈሮች ትሬለር ማቆም ክልክል ነው። ለጉዞ ለመዘጋጀት ወይም ዕቃ ለማውረድ እስከ 48 ሰዓት ይፈቀዳል። ካልሆነ የማከማቻ ቦታ መከራየት ነው። ሸናንዶዋ ስትሄዱም የምታድሩት እንደ ቢግ ሜዶውስ ባለ የካምፕ ሥፍራ ነው። መንገድ ዳር ያሉት የመመልከቻ ቦታዎች ላይ ማደር አይፈቀድም።

ወደ ሰሜን ካቀኑ ባልቲሞርን ልብ ይበሉ። ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ሲሊንደር በሁለቱ የባልቲሞር ዋሻዎች ማለፍ አይችልም። የተለመደው ሲሊንደር ደግሞ 20 ፓውንድ ነው። የኪ ድልድይ በ2024 ከፈረሰ ወዲህ አማራጩ ባልቲሞርን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በ695፣ ምዕራባዊ ክፍል መዞር ነው።

ማከራየቱን ለአሁኑ አልመክርዎትም። የግል ኢንሹራንስ በኪራይ ጊዜ የሚደርስን ጉዳት ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ተከራዩም ወዳጅ ቢሆን፣ ሆስፒታል ከገባ የእሱ ኢንሹራንስ እርስዎን ሊጠይቅ ይችላል። በእጅዎ የዘረጉት የጋዝ መስመር ላይ ገንዘብ ተቀብለው ሌላ ቤተሰብ ማሳደር ትልቅ ኃላፊነት ነው። የግድ ከሆነ ለኪራይ የሚሆን የተለየ ፖሊሲ ይግዙ፤ ጋዙንና ኤሌክትሪኩንም ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ ያረጋግጥልዎት።

የኤችኦኤውን ሰነድ ሲያገኙ ስለ ተሽከርካሪ ማቆሚያ የሚለውን ክፍል ይላኩልኝ፤ አይቼ እጽፍልዎታለሁ።